የቃኘው ዘማችና የሰሜን ተራሮች ጠባቂ የነበሩትን አያቴን የሕይወት ታሪክ እንዴት ልጻፍ?

ጥያቄ፦ ከልጅ ልጃቸው

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አያቴ በ2016 ዓ.ም. በዕድሜ ብዛት ዐርፈዋል። ቤተሰባችን በሙት ዓመታቸው የሚነበብ፣ ከዚያም በትንሽ መጽሐፍ መልክ ታትሞ ለልጅ ልጆች የሚቀመጥ የሕይወት ታሪክ እንዳዘጋጅ አደራውን ለእኔ ሰጥቷል። በቀብራቸው ዕለት የተነበበው ጽሑፍ በአንድ ሌሊት ተቻኩሎ የተጻፈ ነበር፤ ተወለዱ፣ ክቡር ዘበኛ ገቡ፣ ኮሪያ ዘመቱ፣ ተመልሰው ትዳር መሠረቱ፣ ልጆችና የልጅ ልጆች አዩ ብሎ በአንድ ገጽ አለቀ። የተነበበው ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከአያቴ ጋር አንድ ቀን እንኳ ተራራ የወጣ ሰው በዚያ ገጽ ላይ እርሳቸውን አያገኛቸውም።

ባጭሩ ላስተዋውቃችሁ። የተወለዱት በደባርቅ አካባቢ፣ አፋፍ ላይ ካለች መንደር ነው። በልጅነታቸው ከብት ጠብቀዋል፤ በጉርምስናቸው በአባታቸው ውጅግራ ዋልያና ሰስ አድነዋል። ከዚያ በእግራቸው ጎንደር ወርደው፣ ከጎንደር በጭነት መኪና አዲስ አበባ ገብተው ክቡር ዘበኛ ተቀጠሩ፤ ከቃኘው ሻለቃ ጋርም ኮሪያ ዘመቱ። ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ግርግር በኋላ የወታደርነቱን ኑሮ ትተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ሲቋቋም በጠባቂነት ተቀጥረው፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ፓርኩን እስካራቆተው ጊዜ ድረስ ሳንቃበርን፣ ግጭን፣ ጨነቅን ሲዞሩ ኖሩ። ጡረታ ከወጡም በኋላ ዘጠና ዓመት እስኪጠጋቸው ድረስ፣ ከዘራቸውን ይዘው ጎሕ ሲቀድ አፋፉ ላይ ካልተቀመጡ ቀኑ የጀመረ አይመስላቸውም ነበር። ከልጅ ልጆቻቸው ሁሉ አዘውትረው የሚያስከትሉት እኔን ነበር፤ ሴት ልጅ ናት ብለው ከአቀበት አስቀርተውኝ አያውቁም።

የተቸገርሁበት የመጀመሪያው ነገር ዕድሜያቸው ነው። በጡረታ ደብተራቸው ላይ የተወለዱበት ዘመን 1918 ዓ.ም. ተብሎ ተጽፏል። አክስቴ ግን መቶ ዓመት ሞልቷቸዋል፣ እንዲያውም አልፈዋል ትላለች። እርሳቸው ሲጠየቁ ቁጥር አይናገሩም ነበር፤ «የወልቀፊት መድፍ ሲያጓራ እኔ የከብት እረኛ ነበርሁ፤ ላሞቹ ደንብረው ገደል እንዳይገቡብኝ ስሮጥ ዋልሁ» ብቻ ይሉናል።

ሁለተኛው ጦርነቱ ነው። አጎቴ በኮሪያ ስሙ የገነነውን ኮረብታ ጠቅሼ «ፖርክ ቾፕ ሂል ላይ ተዋግተዋል» ብዬ እንድጽፍ ይፈልጋል። ከሜዳሊያቸው ጋር በጨርቅ ተጠቅልሎ ያገኘነው ወረቀት ግን በሁለተኛው ቃኘው መዝመታቸውን ይገልጽና 1945 የሚል ዓመት ብቻ ይጠቅሳል። እርሳቸው ስለ ውጊያው ለማንም ተናግረው አያውቁም። ኮሪያ ሲነሣ ስለ ብርዱ፣ አልፎ አልፎም ስለ ተራሮቹ ይናገሩ ነበር፤ ከፍታቸው ከእኛዎቹ እንደሚያንስ፣ ጧት ጧት ግን ልክ እንደ እኛዎቹ ጉም እንደሚለብሱ።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብደኛል። በቤታችን እስከ ዛሬ ድረስ ከዋልያ ቀንድ የተሠራ ዋንጫ አለ። ዋልያውን የገደሉት እርሳቸው ናቸው፤ ኮሪያ ከመዝመታቸው በፊት። አጎቴ ይህ ነገር ጨርሶ እንዳይነሣ አጥብቆ ይናገራል፤ ሃያ ዓመት ያህል ዋልያ የጠበቀን ሰው ዋልያ ገዳይ ነበር ብሎ መጻፍ ስሙን ማጉደፍ ነው ባይ ነው። እኔ ደግሞ ዋንጫውን ደብቄ የጻፍሁት ታሪክ የእርሳቸው ታሪክ ይሆናል ብዬ ማመን አልቻልሁም። የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ ከታሪክ መምህር

እኅቴ፣ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር፤ ለእናንተም መጽናናቱን ይስጣችሁ። ስለ ሦስተኛው ጥያቄሽ ከእኔ የተሻለ የሚናገር ሰው ስለማይጠፋ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብቻ ላንሣ።

አያትሽ ዕድሜያቸውን ነግረዋችኋል፤ በቁጥር አልነገሯችሁም እንጂ። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ እንኳ የጎንደር አካባቢ በጣልያን እጅ እንደነበረ ይታወቃል። ከደባርቅ አጠገብ ባለው በወልቀፊት በር የመሸገው የጣልያን ጦር እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነው፤ ጎንደር ከተማ የተያዘችውም በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ነው። ስለዚህ እርሳቸው የሰሙት መድፍ በ1933 ዓ.ም. ክረምትና በመስከረሙ መባቻ መካከል የተተኮሰ ነው። አሁን «የከብት እረኛ ነበርሁ» ያሉትን ቃል አጥብቀሽ ያዢ። በገጠር ያደገ ሰው እንደሚያውቀው ሕፃን ልጅ መጀመሪያ የሚሰጠው ጥጃና ግልገል ነው፤ ላምና በሬ ይዞ አፋፍ ድረስ የሚሰማራው ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው፤ ዐሥራ አምስት ሲሞላው ደግሞ ሞፈር ይጨብጣል። በዚህ ስሌት በ1934 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከዐሥር እስከ ዐሥራ አራት ዓመት ይሆናቸዋል፤ የተወለዱትም ከ1920 እስከ 1924 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ማለት ነው። በደብተሩ ላይ ያለው 1918 ከዚህ የሚርቀው ብዙ አይደለም፤ ለውትድርና የሚመዘገብ ጎረምሳ ዕድሜውን ከፍ አድርጎ መናገሩ የተለመደ ስለነበረ ልዩነቱ ሊያስደንቅሽ አይገባም።

እኔ ብሆን «በ1922 ዓ.ም. ገደማ እንደተወለዱ ይገመታል» ብዬ እጽፍና፣ ከግምቱ ቀጥዬ ስለ መድፉና ስለ ላሞቹ የተናገሩትን ቃል በቃል አስቀምጣለሁ። አንባቢው ግምቱ ከየት እንደመጣ ያያል፤ ያ ቃል ደግሞ ከማንኛውም ቁጥር ይልቅ ልጁን ያሳየዋል። በዚህ አቆጣጠር ሲያርፉ ዘጠና አራት ዓመት ያህል ነበራቸው። ይህ ረጅም ዕድሜ ነው፤ መቶ ለማድረግ መጨመር አያስፈልገውም።

ወደ ኮሪያው ልለፍ። ቃኘው ሻለቃ የዘመተው በየዓመቱ እየተተካካ ነው። የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ፣ ከዚያም በመርከብ ተሳፍሮ በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ወደብ ደረሰ፤ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ውስጥ ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ተመድቦ ተዋጋ። ሁለተኛው ሻለቃ በ1944 ዓ.ም. ተካው፤ ሦስተኛው ደግሞ በሚያዝያ 1945 ዓ.ም. ደረሰ። በፖርክ ቾፕ ሂል አካባቢ ስሙ የገነነው በ1945 ዓ.ም. በግንቦት ወር የተዋጋው ሦስተኛው ሻለቃ ነው። ሁለተኛው ሻለቃ የነበረበት 7ኛ ክፍለ ጦር ከባድ ውጊያ ያደረገው ከዚያ ሰባት ወር ያህል ቀደም ብሎ በጥቅምት ወር፣ ትሪያንግል ሂል በተባለው ኮረብታ ዙሪያ ነው። ስሕተቱ ከየት እንደመጣ አስተውይ፦ ሁለቱ ውጊያዎች በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1952 እና በ1953 ተለያይተው ሲመዘገቡ፣ በእኛ አቆጣጠር ግን ሁለቱም በ1945 ውስጥ ይወድቃሉ። አጎትሽ ወረቀቱ ላይ 1945 የሚለውን አይቶ፣ ስለ ፖርክ ቾፕ የሰማውን ከዚያ ጋር ቢያገናኘው አይፈረድበትም።

ስለዚህ ወረቀቱ የሚለውን ብቻ ጻፊ፤ በሁለተኛው ቃኘው መዝመታቸውን። ሻለቃው የት የት እንደነበረ ለአንባቢ ማስረዳት ከፈለግሽ «ሻለቃው» እያልሽ ጻፊ እንጂ «እርሳቸው» አትበይ። በጋራ የሚነገረው ክብር ራሱ ትልቅ ነው፤ ከቃኘው ወታደሮች ከ120 በላይ ሞተዋል፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል፣ በጠላት እጅ የተማረከ ግን አንድም አልነበረም፤ የወደቀ ጓዳቸውንም ሜዳ ላይ ጥለው አልሄዱም። አያትሽ ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነበሩ። የሜዳሊያውን ጥብጣብም ተመልከቺው፤ ሰማያዊና ነጭ ቀጫጭን መስመሮች ያሉት ከሆነ የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ ነውና በስሙ ጥቀሺው። የቃኘው ስም ከልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስም መወሰዱንም ብትጨምሪ የልጅ ልጆች ይወዱታል ብዬ አስባለሁ።

መልስ፦ ከኮሪያ ዘማች ልጅ

የመምህሩ ቃል ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ስለ ዝምታው ብቻ አንድ ነገር ልጨምር። አባቴም የኮሪያ ዘማች ነበር፤ እኛም ስለ ውጊያው ከአፉ የሰማነው የለም። ልጆች ሳለን የሚደብቀን ነገር ያለ ይመስለን ነበር። በኋላ ስናድግ የገባን ዝምታው ሁለት ምንጭ እንደነበረው ነው። አንዱ ጦርነቱ ራሱ ነው። ሁለተኛው ዘመኑ ነው፤ በደርግ ጊዜ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ስለነበረ፣ በዚያ ጦርነት ከደቡቡ ጎን ተሰልፎ መዋጋት የሚወራ ጉዳይ አልነበረም። የአባቴ ሜዳሊያ ከእናቴ የክት ቀሚስ ሥር ዐሥራ ሰባት ዓመት ተቀመጠ። የአያትሽ በጨርቅ ተጠቅልሎ መገኘቱን ሳነብ ያ ትዝ አለኝ።

ስለዚህ ዝምታውን በሌላ ሰው የጀግንነት ታሪክ አትሙዪው። «ስለ ውጊያው አልተናገሩም» ብለሽ ጻፊ፤ ከዚያ ምን እንዳደረጉ ጠይቂ። የዘመተ ሰው በአፉ ያልተናገረውን በኑሮው ያሳያልና። ሴት አያትሽ በሕይወት ካሉ፣ አያትሽ ሌሊት ሌሊት ምን ያደርጉ እንደነበር ጠይቂያቸው። አባቴ እህል የተረፈበት ገበታ ሲነሣ ማየት አይችልም ነበር፤ ምክንያቱን ያወቅሁት ከሞተ በኋላ ከጓደኛው ነው። የቃኘው ወታደሮች ዶንግዱቾን በተባለ ቦታ ወላጆቻቸውን በጦርነት ያጡ ሕፃናትን ሰብስበው ከራሽናቸው እየከፈሉ ያሳድጉ ነበር፤ አባቴም ከነዚህ ወታደሮች አንዱ ነበር። ቹንቾን ከተማ ላይ ለኢትዮጵያውያን ዘማቾች የቆመውን ሐውልት በፎቶግራፍ ባየሁ ቁጥር እኔ የማስበው ስለዚያ ገበታ ነው።

መልስ፦ ከቀድሞ የፓርክ ሠራተኛ

ልጄ፣ እኔ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ረጅም ዘመን ያገለገልሁ ሰው ነኝ። ሥራውን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ እንደ አያትሽ ካሉ ቀደምት ጠባቂዎች ኋላ ኋላ እየሄድሁ ነው። አሁን ዓይኔ ስለደከመ ይህን የሚጽፍልኝ ልጄ ነው።

ዋንጫውን ጻፊው። ስለ እርሱ ደፍሬ የምናገረው፣ ካስተማሩኝ ሰዎች ውስጥ በወጣትነቱ አዳኝ ያልነበረ አንድም ሰው ስለማላስታውስ ነው። በዚያ ዘመን ዋልያ ገድሎ መምጣት ለጎረምሳ የወንድነት መታያ ነበር፤ በቀንዱ ዋንጫ ለሠርግ ጠላ ይጠጣበት ነበር። እንስሳው ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ በየትም አገር በዱር እንደማይገኝ ለዚያ ጎረምሳ የነገረው ሰው አልነበረም። ይህን የምልሽ ጥፋቱን ለማቅለል አይደለም፤ በጥይቱ ብዛት ዋልያ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ነገር ግን አያትሽን ጥሩ ጠባቂ ያደረጋቸው ያው የአዳኝነታቸው ዕውቀት መሆኑን ማወቅ አለብሽ።

ነገሩን ዘርዘር ላድርገው። ዋልያ ለግጦሽ ብቅ የሚለው ጧትና ማታ ነው፤ ቀን ፀሐይ ስትበረታ ገደሉ ውስጥ ባለ እርከን ላይ ጥላ ይይዛል። ጉሙ ደግሞ ረፋዱ ላይ ከቆላው ሽቅብ መውጣት ይጀምርና አፋፉን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ማየት የሚፈልግ ሰው ጎሕ ሳይቀድ ቦታውን መያዝ አለበት፤ ነፋሱ ከእንስሳው ወደ እርሱ እንዲነፍስ አድርጎ መቀመጥ አለበት፤ ጨርሶ መንቀሳቀስ የለበትም። አዳኝ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ለመተኮስ ነው። ጠባቂ ግን ልክ እንደዚያው አድርጎ ይቀመጥና ይቈጥራል፤ ስንት አውራ፣ ስንት እንስት፣ ስንት ግልገል ብሎ። ቈጠራው ቀላል አይምሰልሽ፤ መንጋው አንዱን እርከን ለቅቆ በሌላው ብቅ ሲል ያልሠለጠነ ሰው ሁለት ጊዜ ይቈጥረዋል። ቀደምቶቹ ግን አውራውን በቀንዱ ጥምዝና በቀንዱ ስብራት ለይተው ስለሚያውቁት አይሳሳቱም ነበር። አንድ ሽማግሌ ኮቴ ብቻ አይቶ «ይህ ትናንት ከግጭ በታች ያየነው ነው» ሲለኝ አላመንሁም፤ ዐሥር ደቂቃ ተጉዘን እንስሳውን አሳየኝ። አያትሽ ጡረታ ከወጡ በኋላ ጎሕ ሲቀድ አፋፉ ላይ ይቀመጡ የነበረው ለምን እንደሆነ አሁን የገባሽ ይመስለኛል። ይቈጥሩ ነበር።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ ሰዎች ስለ ጠባቂ ሲጽፉ ሁልጊዜ የሚረሱት። የዚህ ሥራ ክብደት አቀበቱም፣ ብርዱም፣ የሽፍታ ጥይቱም አይደለም። ክብደቱ ዘመድ ነው። ፓርኩ ሲከለል ሰዎች በውስጡ ገብስ የሚዘሩ፣ ከብት የሚያሰማሩ፣ ጓሣ የሚያጭዱ፣ አስታ ቆርጠው የሚያነዱ ነበሩ፤ ኑሯቸው እዚያው ነበር። ጠባቂው ደግሞ የእነርሱ ልጅ፣ የእነርሱ አማች፣ የእነርሱ አበልጅ ነው። ጧት የያዘው ሰው ማታ በማኅበር ጽዋ ላይ ከጎኑ ይቀመጣል። አንዳንዱ ጠባቂ ዓይኑን ጨፈነ፤ አንዳንዱ ጨክኖ ከአገሩ ሰው ተቆራረጠ፤ ጥቂቱ ሕጉንም ዝምድናውንም ሳይጥል ሁለቱን ተሸክሞ ኖረ። አያትሽ ከየትኞቹ እንደነበሩ ማወቅ ከፈለግሽ የሚያመሰግኗቸውን ሰዎች ብቻ አትጠይቂ፤ የተቀየሟቸውን ሰዎች ፈልጊ። እውነተኛውን ሰው የምታገኚው ከእነርሱ ዘንድ ነው።

ፓርኩ እ.አ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 ደግሞ በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ዝርዝር የወጣው በ2017 ነው። አያትሽ ሦስቱንም በሕይወት ሳሉ ደርሰውባቸዋል፤ መጀመሪያውን በሥራ ላይ ሆነው፣ መጨረሻውን ዘጠና ዓመት ሲጠጋቸው። ይህን ማስታወስ ጥሩ ነው፤ ግን ከዚህ የበለጠ የምለምንሽ ሌላ ነገር አለ። በእነዚያ ተራሮች ላይ እያንዳንዱ እርከን፣ እያንዳንዱ ምንጭ፣ ዋልያ የሚወርድበት እያንዳንዱ ስንጥቅ ስም አለው። ካርታ ላይ የሚገኙት ጥቂቶቹ ናቸው፤ የቀሩት በእረኞችና በጠባቂዎች አፍ ላይ ነበሩ፤ እነዚያ ሰዎች ደግሞ አንድ በአንድ እያለፉ ነው። ከአያትሽ ጋር የዞረ ሰው ካለ፣ እግሩ እንደቻለለት ይዘሽው ውጪና የየቦታውን ስም እየነገረሽ መዝግቢ። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ያን ዝርዝር ብታስቀምጪ፣ ለአያትሽ ብቻ ሳይሆን ለተራራውም መታሰቢያ ይሆናል።

መልስ፦ ከአንድ ዲያቆን

ከላይ የተሰጡት ምክሮች መልካም ቢሆኑም፣ በአንድ ነገር ከአጎትሽ ጋር ጥቂት እስማማለሁ። በሙት ዓመት ዕለት የሚነበብ ጽሑፍ ሐዘንተኛ፣ ካህናትና ጎረቤት በተሰበሰቡበት የሚሰማ ነው፤ ረጅም ሊሆን አይችልም፤ አከራካሪ ነገርም በዚያ ቦታ ባይነሣ ይሻላል። ሁለት ጽሑፍ አዘጋጂ። የሚነበበው ሁለት ገጽ ይሁን። መጽሐፉ ግን ሙሉውን ይያዝ፤ ከመታተሙም በፊት ለአጎትሽ አንብቢለትና የሚለውን ስሚው። አባቱ ናቸውና ሐዘኑ ከአንቺ ይልቅ ለእርሱ ይቀርባል።

ምላሽ፦ ከልጅ ልጃቸው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዘግይቼ የተመለስሁት የነገራችሁኝን ሁሉ ለመፈጸም ደባርቅ ሄጄ ስለሰነበትሁ ነው።

ሴት አያቴን እንደተመከርሁት ጠየቅኋቸው። ሌሊት ምን ያደርጉ ነበር ስላቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ አያቴ ከጋብቻቸው ጀምሮ እስኪያረጁ ድረስ ሌሊት ሌሊት እየተነሡ የልጆቹን እግር በእጃቸው ይዳስሱ እንደነበር ነገሩኝ። ጋቢው ከእግራቸው ተገልጦ እንደሆነ ይሸፍናሉ፤ የቀዘቀዘ ጣት ካገኙ በመዳፋቸው ይዘው እስኪሞቅ ይቀመጣሉ። ለምን እንደሚያደርጉት አንድ ጊዜ ብቻ ተናግረዋል። በኮሪያው ምሽግ ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው ሲያድሩ፣ ብርዱ የጓደኛ እግር እንዳይበላ እየተፈራረቁ የሚዳስሱት እንደዚያ ነበር። አጎቴ ይህን ሲሰማ እኔ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። በልጅነቱ ሌሊት እግሩን የሚይዘው እጅ ትዝ ይለው ኖሯል፤ ምክንያቱን ግን እስከዚያች ቀን አላወቀም። ፖርክ ቾፕን ከዚያ ወዲህ አላነሣውም።

የተቀየሟቸውን ሰው ደግሞ ብዙ ሳልደክም አገኘሁ፤ የአያቴ የአጎት ልጅ ናቸው፤ ከእርሳቸው በብዙ ዓመት ያንሳሉ። ፓርኩ በተቋቋመ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ ለልጃቸው ሠርግ ዋንጫ የሚሆን ዋልያ ሊገድሉ ወጥተው አያቴ ከነጠመንጃቸው ያዟቸው። ሲይዟቸው የተናገሩትን እስከ ዛሬ አልረሱትም፤ «ዋንጫው ከእኔ ቤት አለ፤ ለሠርጉ ውሰደው። ይህ ግን ይኑር» ነበር ያሏቸው። ጠመንጃውን ለፓርኩ አስረከቡ፤ ዋንጫውን በማግሥቱ በአያቴ እናት እጅ ላኩላቸው። ሰውየው ዋንጫውን መለሱት፤ ስድስት ዓመትም ከቤታችን ደጃፍ አልደረሱም። በኋላ በሽማግሌ ታረቁ። አጎቴ ይህንንም ሰምቷል፤ ዋንጫው በመጽሐፉ ውስጥ እንዲገባ፣ ፎቶግራፉም እንዲታተም የፈቀደው እርሱ ራሱ ነው። በዕለቱ የሚነበበው ግን ዲያቆኑ እንደመከሩት ሁለት ገጽ ሆኖ ተዘጋጅቷል።

የትውልድ ዘመናቸውን በመምህሩ ስሌት 1922 ዓ.ም. ገደማ ብዬ ጽፌዋለሁ፤ አክስቴ ቅር ቢላትም ተቀብላዋለች። መጽሐፉ የሚጀምረው ከልደታቸው አይደለም። ላሞቹ ሲሮጡ፣ መድፉ ሲያጓራ፣ አንድ ባዶ እግሩን የሆነ ልጅ በከብቶቹና በገደሉ መካከል እጁን ዘርግቶ ሲቆም ይጀምራል።

ከእኚሁ ዘመዳችን ጋር አያቴ ይዞሩበት የነበረውን መንገድ ለሦስት ቀን ዞርን። እርሳቸው በበቅሎ ነበሩ፤ እኔ በእግሬ። ሃያ ሦስት የቦታ ስም መዘገብሁ፤ አብዛኞቹ በማንኛውም ካርታ ላይ የሉም። በመጨረሻው ቀን ጎሕ ሲቀድ አያቴ ይቀመጡባት የነበረችው ድንጋይ ዘንድ ደረስን። ከብት ይዞ የሚያልፍ ትንሽ ልጅ አገኘንና የቦታውን ስም ጠየቅሁት። «ኮሪያ» አለኝ። ለምን እንደተባለ ያውቅ እንደሆነ ብጠይቀው፣ ስሙ ከጥንት የነበረ መሆኑን ነግሮኝ ከብቶቹን ተከትሎ ሄደ።